ትእዛዝ ስትሰጡ፤ በቦታው የሚታወቅና በስሙ የሚጠራ

«ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለው አባቶቻችን የተረቱት በሸንጎ ለቆመ ተሟጋች ነበር። ዛሬ ግን ይኸው ተረት በጽሕፈት ጠረጴዛው ተቀምጦ ከኮምፒዩተር ጋር ለሚነጋገረው ተማሪና ወጣት ጸሐፊ ጭምር የተነገረ ሆኖ ይገኛል። ኮምፒዩተር ታዛዥ አገልጋይ ነው። የተባለውን ይፈጽማል፤ ያሰባችሁትን ግን አያውቅም። ሰው ቢሆን ኖሮ «ምናልባት ተሳስታችሁ ይሆን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ እርሱ ግን እንዲጠይቅ አስቀድሞ ካልታዘዘ አይጠይቅም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ስለ ፋይል አሰያየም የጀመርነውን ጨዋታ በመቀጠል፥ ዛሬ በትእዛዝ መስመር ላይ ቃላት እንዴት እንደሚደረደሩ እንነጋገራለን።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ነገር እንዲህ ነው። በደቡብ ጎንደር፥ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፥ ቅን ልብ ያለው አንድ ወጣት ሠራተኛ አውቃለሁ። የሥራ ድርሻው የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ ዝርዝር ማረም ነበር። የስማቸው ፊደል የተሳሳተባቸው፥ የአያታቸው ስም የተዘለለባቸው፥ የባልና የሚስት ስም የተለዋወጠባቸው ሰዎች ከየቀበሌው እየመጡ ያመለክታሉ፤ እርሱም ያርማል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲሠራ ቆይቶ ሰኔ 30 ቀን፥ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ዕለት፥ የታረመውን ዝርዝር በአሮጌው ቦታ ለመተካት ተርሚናሉን ከፈተ። በልቡ «አሮጌውን በአዲሱ ልተካ» አለ፤ ጣቱም ልቡን ተከትሎ እንዲህ ሲል ጻፈ፤

ሲፒ አሮጌ.ጽሑፍ አዲስ.ጽሑፍ

ሲፒ የፋይል ግልባጭ የሚያወጣ ትእዛዝ ነው። ወጣቱ ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ተጫነ። ተርሚናሉ ዝም አለ፤ ዝምታም በዚህ ዓለም «ተፈጽሟል» ማለት ነው። ነገር ግን ሲፒ የሚገለብጠው መጀመሪያ የተጻፈውን ወደ ሁለተኛው ነው። አሮጌው ዝርዝር በአዲሱ ላይ ተገለበጠ፤ የሦስት ሳምንት ድካምም በዐይን ጥቅሻ ጠፋ።

በሐምሌ ዝናብ ከጉና ተራራ ሥር አንዲት እናት ወርደው መጡ። የአያታቸው ስም መታረሙ በሰኔ ተነግሯቸው ስለነበር፥ የመጡት ደብተራቸውን ሊወስዱ ነበር። ዝርዝሩ ሲከፈት ስሕተቱ እንደነበረ ተቀምጧል። «ልጄ፥ አርሜዋለሁ አላልከኝም ነበር?» አሉት። ወጣቱም «እማማ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው» ከማለት በቀር የሚመልሰው አልነበረውም። እኒያ እናት ያን ጭቃ መንገድ ለሦስተኛ ጊዜ ሊወጡትና ሊወርዱት ሆነ።

እንግዲህ ይህ ወጣት ሰነፍ አልነበረም። ያሳተው የገዛ አማርኛው ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። «አሮጌውን በአዲሱ ተካ» ስንል አሮጌው ይቀድማል። አዟዙረን «በአዲሱ አሮጌውን ተካ» ብንልም ፍቺው አይለወጥም። ይህ የሆነው «ን» እና «በ» እያንዳንዱ ቃል ምን ሥራ እንዳለው ስለሚናገሩ ነው። «ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ እህል ላክ» ብንል፥ ወይም «ወደ ወረታ ከደብረ ታቦር እህል ላክ» ብንል፥ የጭነት መኪና ሾፌር አይሳሳትም። «ከ» መነሻውን፥ «ወደ» መድረሻውን ይዘውለታልና። እነዚህን ፊደላት አውጥታችሁ «ደብረ ታቦር ወረታ እህል ላክ» ብትሉት ግን ሾፌሩ ራሱን ያክካል። የትኛው መነሻ፥ የትኛው መድረሻ እንደሆነ ከቃሉ ቦታ በቀር የሚነግረው የለም።

በትእዛዝ መስመር ላይ ያለው ነገር ይኸው ነው። ከፕሮግራሙ ስም ቀጥለው የሚጻፉት ቃላት አርጊውመንት ይባላሉ። እነርሱም በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ከተቀመጠበት ቦታ የተነሣ የሚታወቅ ነው፤ ሁለተኛው ወገን ስሙን ተሸክሞ የሚመጣ ነው።

በቦታው የሚታወቅ

ማኅሌት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ሲቆሙ የቀኙ ረድፍ አለቃ ቀኝ ጌታ፥ የግራው ረድፍ አለቃ ግራ ጌታ ይባላል። ሹመቱን የሚናገረው ቦታው ነው። የድጓ ምስክር ቤት የሆነችውን ቤተልሔምንና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነውን ዙር አምባን የያዘች ይህች የደቡብ ጎንደር አገር ለቦታ ሥርዓት እንግዳ አይደለችም።

ከዚህም የሚቀርበን ምሳሌ የገዛ ስማችን ነው። ኢትዮጵያዊ ስሙን ሲጽፍ በመጀመሪያ የራሱን፥ ቀጥሎ የአባቱን፥ በመጨረሻ የአያቱን ይጽፋል። ከሦስቱ በአንዱም ላይ «ይህ የአባቴ ስም ነው» የሚል ምልክት የለም፤ ሁሉም በቦታው ይታወቃል። አገር ውስጥ እስካለን ድረስ ሥርዓቱን ሁላችንም ስለምናውቅ ችግር የለውም። ውጭ አገር ሄደን የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ሲሰጠን ግን ነገሩ ይደናገራል። የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል፤ የአያት ስም ይቀራል፤ አባትና ልጅም በወረቀት ላይ የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው ባዕዶች ሆነው ይገኛሉ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። በቦታ መታወቅ የሚያምረው ተናጋሪውና ሰሚው አንድ ዓይነት ሥርዓት ሲያውቁ ብቻ ነው።

ኮምፒዩተሩም ለፕሮግራሙ የሚያስረክበው ቃላቱን በተርታ ነው። ቆጠራው ከ0 ይጀምራል። በ0 ቦታ የፕሮግራሙ የራሱ ስም ይቀመጣል፤ በ1 የመጀመሪያው ቃል፥ በ2 ሁለተኛው፥ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፕሮግራሙም «በ1 ያለው ወረዳ ነው፤ በ2 ያለው ፋይል ነው» ብሎ ይቀበላል። የወረዳውን ስም በ2 ብታስቀምጡት ፋይል ነው ብሎ ሊከፍተው ይሞክራል።

በስሙ የሚጠራ

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የጻፈ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ወገን ያውቀዋል። ከደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ» የሚል ቃል ይጻፍና ከሥሩ የሚደርሳቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ። ግልባጭ የማያስፈልገው ደብዳቤ ያለ እርሱ ይሄዳል፤ ማንም «ጎደለው» አይለውም። ሲያስፈልግ ግን በስሙ ተጠርቶ ይመጣል። «ጉዳዩ» የሚለውም እንዲሁ ስሙን ተሸክሞ የቆመ ነው። አንባቢው ቦታውን መቁጠር አያስፈልገውም፤ ስሙን አይቶ ያውቀዋል።

በትእዛዝ መስመር ላይ ይህ ስም የሚታወቀው በፊቱ ባለው ጭረት ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ሲጀምሩ የሚጽፉት በዝግተኛ የቴሌታይፕ መኪና ስለነበር፥ ትእዛዞቻቸው አጫጭር ነበሩ። አማራጩም አንድ ጭረትና አንድ ፊደል ብቻ ሆነ። ኋላ ግኑ የተባለው የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሁለት ጭረትና ሙሉ ቃል የመጻፍን ልማድ አስፋፋ። ዛሬ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አጭሩ ለእጅ ይፈጥናል፥ ረጅሙ ለዐይን ይገልጣል።

በስማቸው የሚጠሩትም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ከኋላቸው ዋጋ ያስከትላሉ፤ «--ዓመት 2016» እንደሚለው። ሌሎቹ እንደ መብራት ማብሪያ ናቸው፤ ከተጻፉ በራ፥ ካልተጻፉ ጠፋ ማለት ነው። «--በዝርዝር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሌላ ዋጋ አይጨምርበትም።

አንድ ምሳሌ እንመልከት

የግብርና ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናችሁ እንበል። የቀበሌዎች የምርት ዘገባ በአንድ ፋይል ውስጥ ተሰብስቦ አለላችሁ፤ የአንዱን ወረዳ ድምር የሚያወጣ «ድምር» የሚባል ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ልትጽፉ ነው። በሊኑክስ ላይ የፕሮግራምም ሆነ የፋይል ስም በግዕዝ ፊደል ቢጻፍ ክልክል አይደለም፤ ፓይተንም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ፥ ከሦስተኛው እትሙ ወዲህ፥ ፊደላችንን ያለ ችግር ያነባል። ትእዛዙ እንዲህ ይሆናል፤

ድምር ፈርጣ ዘገባ.ጽሑፍ --ሰብል ገብስ --ዓመት 2016

ፈርጣና ዘገባ.ጽሑፍ በቦታቸው የሚታወቁ ናቸው፤ ያለ እነርሱ ፕሮግራሙ የሚሠራው ሥራ የለውም። ሰብልና ዓመት ግን በስማቸው ይጠራሉ። ቦታ ቢለዋወጡ፥ ዓመት ቀድሞ ሰብል ቢከተል፥ የሚጠፋ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ማጣራት በእጅ ቢጻፍ አድካሚ ነው። ስቲቨን ቤታርድ የሠራው አርግፓርስ የተባለው መሣሪያ ይህን ድካም አቅልሎታል። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2010 በፓይተን 2.7፥ በ2011 በፓይተን 3.2 ውስጥ ገብቶ ከቋንቋው ጋር ይሰጣል። ከእርሱ በፊት የነበረው ኦፕትፓርስ የሚያስተናግደው በስም የሚጠሩትን ብቻ ነበር፤ በቦታ የሚታወቁትን ለጸሐፊው ይተውለት ነበር። አርግፓርስ ግን ሁለቱንም ይይዛል። እናንተ «ወረዳ» ብላችሁ ያለ ጭረት ካስመዘገባችሁት በቦታው የሚታወቅ ያደርገዋል፤ «--ዓመት» ብላችሁ በጭረት ካስመዘገባችሁት በስሙ የሚጠራ ያደርገዋል። ልዩነቱ ያ ጭረት ብቻ ነው። የጎደለ ቢኖር «ይህ ያስፈልጋል» ብሎ ይናገርና በ2 ቁጥር የመውጫ ምልክት ሥራውን ያቆማል፤ ይኸውም ትእዛዙ ስሕተት አለበት ማለት ነው። «--ሄልፕ» ተብሎ ሲጠየቅም የፕሮግራሙን አጠቃቀም ያትማል። እናንተ ለእያንዳንዱ አርጊውመንት አንዲት መስመር መግለጫ በአማርኛ ከጻፋችሁ፥ ከእናንተ በኋላ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ያመሰግናችኋል።

ስማቸው ሁለት ቃል ስለሆነ ወረዳዎች

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንምጣ። ቃላቱን የሚከፋፍለው ፕሮግራሙ ሳይሆን ሼል የሚባለው ትእዛዝ ተቀባይ ነው። እርሱም ቃል ከቃል የሚለየው በክፍት ቦታ ነው። ፈርጣ፥ ፎገራ፥ ደራ፥ ስማዳ፥ እብናት፥ አንዳቤት አንድ አንድ ቃል ስለሆኑ ችግር የለባቸውም። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንት፥ ሊቦ ከምከም፥ ምሥራቅ እስቴ፥ ደብረ ታቦር ግን ሁለት ሁለት ቃል ናቸው። እስቲ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፤

ድምር ላይ ጋይንት ዘገባ.ጽሑፍ

ፕሮግራሙ «ላይ» የሚባል ወረዳ፥ «ጋይንት» የሚባል ፋይል ተሰጠኝ ይላል፤ «ዘገባ.ጽሑፍ» ደግሞ የማላውቀው ትርፍ ነው ብሎ ይመልሰዋል። መድኃኒቱ ስሙን በጥቅስ ምልክት ማሰር ነው፤

ድምር "ላይ ጋይንት" ዘገባ.ጽሑፍ

አባቶቻችን ቃል ከቃል የሚለዩት በሁለት ነጥብ ነበር። ሼል ግን የእኛን ሁለት ነጥብ እንደ ማንኛውም ፊደል ስለሚቆጥረው፥ «ላይ፡ጋይንት» ተብሎ ቢጻፍ እንደ አንድ ቃል ያሳልፈዋል። ይህን ያነሣሁት ለመደነቂያ እንጂ እንድትሠሩበት አይደለም፤ በዝርዝሩ ውስጥ ወረዳው በክፍት ቦታ ተጽፎ ከሆነ ሁለቱ ስሞች አይገናኙምና።

ዝም ብለው የሚያሳስቱ ወጥመዶች

ፕሮግራም ጮኾ ቢቃወማችሁ ወዳጃችሁ ነው። የሚፈራው ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። ከእነዚህ አምስቱን ልቁጠርላችሁ።

የመጀመሪያው ነባሪ ዋጋ ነው። በስሙ የሚጠራ ነገር ሳይጠራ ሲቀር ፕሮግራሙ በራሱ የሚወስደው ዋጋ ነባሪ ይባላል። «ዓመት ካልተነገረ የዘንድሮውን ውሰድ» ብላችሁ ብታዝዙ፥ የኮምፒዩተሩ ሰዓት የሚነግረው ብዙ ጊዜ የፈረንጁን ዓመት ነው። እርሱም ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ከእኛ 7፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይቀድማል። ፕሮግራሙ ገና ያልደረሰ ዓመት ፈልጎ ያጣና፥ ሳያፍር «0» ብሎ ያትማል። ጥንቃቄ የሌለው ጸሐፊም «የፈርጣ ገብስ 0 ኩንታል» ብሎ ወደ በላይ ያስተላልፋል። ስለዚህ ነባሪ ዋጋ ስትሰጡ ፕሮግራሙ የወሰደውን ዋጋ ከድምሩ አጠገብ አብሮ እንዲያትም አድርጉ። አንድም መስመር ካላገኘም «0» ከማለት ይልቅ «ምንም አላገኘሁም» ይበል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው የእውነትና የሐሰት ነገር ነው። አንዳንድ ጀማሪ «--አጽድቅ» የሚል አማራጭ ያበጅና ዋጋውን ፓይተን ቡል በሚለው ዓይነት እንዲለውጠው ያዛል። ከዚያ «--አጽድቅ ሐሰት» ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ ያጸድቃል! ምክንያቱም ቡል የሚመረምረው ቃሉ ባዶ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው፤ «ሐሰት» ደግሞ ባዶ አይደለችምና እውነት ሆና ታልፋለች። እንዲህ ያለውን ነገር ዋጋ በሌለው ማብሪያ ብቻ አድርጉት።

ሦስተኛው ፊደላችን ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፥ ሐና ኀ፥ ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ ለኮምፒዩተር ፍጹም የተለያዩ ናቸው። «ምሥራቅ እስቴ» ብላችሁ ስትጠይቁ ዝርዝሩ «ምስራቅ እስቴ» ቢል አይገናኙም። «--አመት» ብላችሁ ብትጽፉም «--ዓመት» አልታዘዘም። ስለሆነም ፕሮግራሙ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት እነዚህን ፊደላት ወደ አንድ ወገን ይመልሳቸው፤ የወረዳ ስሞችም በታወቀ ዝርዝር ይወሰኑ። አርግፓርስ የተፈቀዱትን ዋጋዎች ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ ውጭ የሆነውን ይመልሳል። የግዕዝ ቁጥርም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ «2016» ያላችሁትን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ «፳፻፲፮» ብትሉት ግን ቁጥር አይደለም ብሎ ይመልሰዋል።

አራተኛው ማሳጠር ነው። አርግፓርስ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የረጅም አማራጭን መጀመሪያ ብቻ ብትጽፉ ይረዳችኋል። «--ዓ» ብትሉ «--ዓመት» ማለታችሁ ነው ይላል። ደግ መስሎ የሚታይ ነገር ነው። ነገር ግን ነገ ሌላ ሰው «--ዓይነት» የሚል አማራጭ ቢጨምር፥ ትናንት ይሠራ የነበረው «--ዓ» ዛሬ አሻሚ ሆኖ ይወድቃል። ስለዚህ ለራሳችሁ በእጅ ስትጽፉ ማሳጠሩ አይከፋም፤ በየወሩ እንዲሠራ በፋይል በምታስቀምጡት ትእዛዝ ላይ ግን ስሙን ሙሉውን ጻፉ። ማሳጠሩንም ከፓይተን 3.5 ጀምሮ መከልከል ይቻላል።

አምስተኛው ጭረቱ ራሱ ነው። ትእዛዙን ከደብዳቤ መጻፊያ ፕሮግራም ገልብጣችሁ ከሆነ፥ ያ ፕሮግራም ለማሳመር ብሎ ሁለቱን አጫጭር ጭረቶች ወደ አንድ ረጅም ጭረት ለውጧቸው ይሆናል። ለዐይን ያምራል፤ ለአርግፓርስ ግን ጭረት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ስሙ በጭረት የሚጀምር ፋይል ቢያጋጥማችሁ አማራጭ ነው ብሎ ይወስደዋል። ለዚህ የቆየ መድኃኒት አለ። ሁለት ጭረት ብቻውን ብትጽፉ «ከዚህ ወዲያ በስም የሚጠራ የለም፤ የሚከተለው ሁሉ በቦታው የሚታወቅ ነው» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የፖሲክስ ደንብም ይህን ሥርዓት ይዟል።

ታዲያ የቱን በየት እናድርግ?

ብዙ መጻሕፍት «የግድ የሆነውን በቦታው፥ የግድ ያልሆነውን በስሙ» ይላሉ። ይህ መልካም መነሻ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ያ ወጣት የጻፋቸው ሁለት ፋይሎች ሁለቱም የግድ ነበሩ። የጎዳው የግድ መሆናቸው ሳይሆን ተመሳሳይ መሆናቸው ነው።

ስለዚህ እኔ ሌላ ጥያቄ እንድትጠይቁ እመክራችኋለሁ። ሁለቱ ቃላት ቦታ ቢለዋወጡ ፕሮግራሙ ያውቃልን? ወረዳና ፋይል ቢለዋወጡ ያውቃል፤ «ዘገባ.ጽሑፍ የሚባል ወረዳ የለም» ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ በቦታቸው ቢታወቁ አያሰጋም። መነሻና መድረሻ፥ ሰጪና ተቀባይ፥ አሮጌና አዲስ ቢለዋወጡ ግን ፕሮግራሙ አያውቅም፤ ሁለቱም ፋይል፥ ሁለቱም ስም፥ ሁለቱም ገንዘብ ናቸውና። እንዲህ ያሉት የግድ ቢሆኑም እንኳ በስማቸው ይጠሩ። አርግፓርስ በስሙ የሚጠራውን ነገር የግድ ነው ብሎ ማስመዝገብን ይፈቅዳል። በስሙ የሚጠራ ሁሉ ትርፍ አይደለም። እንዲሁም በቦታ የሚታወቁት ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጡ፤ ከዚያ በላይ ሲሆኑ ተርታውን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። ብዙ ፋይሎችን በአንድነት መቀበል ብትፈልጉ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ስላላቸው ተርታቸው አያሳስብም።

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፥ እ.ኤ.አ. በ1867 ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ በተሠራ ጊዜ፥ የቀለጠው ነሐስ አንዴ ወደ ቅርጹ ከፈሰሰ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። ጥንቃቄው ሁሉ ከመፍሰሱ በፊት፥ ቅርጹ ሲበጅ ነበር። ኢንተር የሚባለውን ቁልፍም እንዲሁ ቁጠሩት። የፕሮግራም ጸሐፊ ቅርጹን የሚያበጅ ሰው ነው፤ አርጊውመንቶቹን በትክክል ከደለደለ በኋላ የሚመጣው ሰው በጥድፊያ ቢያፈስ እንኳ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ያ ወጣት ምን አደረገ? በመጀመሪያ የሦስት ሳምንቱን ሥራ ከወረቀት ማመልከቻዎች ላይ እንደገና ለቀመ፤ ደግነቱ ማመልከቻዎቹ በፋይል ተሰክተው ነበር። የእኒያን እናት ስም ከሁሉ አስቀድሞ አረመ፤ ደብተራቸውንም ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ በእጃቸው ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ «ተካ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። አጠቃቀሟም እንዲህ ነው፤

ተካ --ከ አዲስ.ጽሑፍ --ወደ አሮጌ.ጽሑፍ

«ወደ አሮጌ፥ ከአዲስ» ተብሎ ቢጻፍም ውጤቱ አንድ ነው። አንዱ ቢጎድል አትሠራም። ከመተካቷ በፊት አሮጌውን በሌላ ስም ታስቀምጣለች፤ በሁለቱ ፋይሎች ያለውንም የመስመር ብዛት አሳይታ «ልቀጥል?» ብላ ትጠይቃለች። ሲፒም ራሱ «-አይ» የሚባል፥ በሌላ ፋይል ላይ ከመጻፉ በፊት እንዲጠይቅ የሚያደርግ አማራጭ ነበረው፤ ወጣቱ ያን ዕለት አላወቀውም ነበር። እነዚያ «ከ» እና «ወደ» የእኛው የአማርኛ ፊደላት መሆናቸውን ልብ በሉ። ቋንቋችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀውን ብልሃት ለመኪናው አስተማረው እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፥ ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በመሥሪያ ቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ የምትጠቀሙበትን አንድ ትእዛዝ ውሰዱና ቃላቱን በወረቀት ላይ ጻፉ። በእያንዳንዱ ጥንድ ሥር «ቢለዋወጡ ማን ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ማንም አያውቅም» የሆነ እንደሆነ፥ ለዚያ ጥንድ ስም አውጡለት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና በሰኔ 30 ከምትሠሩት በጥቅምት ረጋ ብላችሁ ብትሠሩት ይሻላል።

በሚመጣው ሳምንት ፕሮግራም ሲሳሳት የሚያትመው ቃል ለተጠቃሚው በሚገባ አማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።